አዲስ ድራፍት ቤት ስትገቡ

ባሕር ዳር አዲስ በተከፈተ ድራፍት ቤት ለጠረጴዛው ሁሉ ጃምቦ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ብቻ አስቀድታችሁ ቅመሱ። የቀኑ የመጀመሪያ ብርጭቆ ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ ያደረ ቢራ ነው፤ “ይደፋልኝ” ማለት ነውር የለውም። አረፋው ሁለት ጣት ያህል ይሁን። ከአረፋው በታች ቢራው ውስጥ የጋዝ ነጠብጣቦች ከብርጭቆው ጎን ተጣብቀው ከቀሩ ብርጭቆው ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አለበት። ቅቤ ቅቤ ወይም ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ግን ብርጭቆ መቀየር አያድነውም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቱቦው ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ ነበረበት። ጠርሙስ እዘዙ። አረፋ ብቻ የሚወርደውስ? መብራት ጠፍቶ በርሜሉ ሞቋል፣ አለዚያም በመንገድ ተንገጫግጮ መጥቶ ሳያርፍ ተከፍቷል። ጣና ዳር ስትቀመጡ ጥላ ምረጡ፤ ፀሐይ ሆፕሱን (ቢራውን የሚያመርረውን አበባ) በደቂቃዎች ውስጥ ለውጦ ቢራውን ያገማዋል። ከነጣው ቢራ ጀምራችሁ ወደ ጥቁሩ ሂዱ። የአሳ ጥብሱን ሚጥሚጣ ከቅምሻው በኋላ አድርጉት፤ የተቃጠለ ምላስ ጣዕም አይለይም።