«አደጋ» ሁሉ «ዴንጀር» አይደለም፦ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአርትዖት ከሚመጡልኝ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች መካከል ጸሐፊው በአማርኛ አስቦ የጻፈውን ለመለየት ብዙ አልደክምም። «ዴንጀር» የሚለውን ቃል ፈልጌ ዙሪያውን ማንበብ ይበቃኛል። «ትናንት በመንገድ ላይ በደረሰው ዴንጀር ሁለት ሰዎች ቆሰሉ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ዴንጀር አይደርስም! ዴንጀር ገና ያልሆነ፣ ሊሆን ግን የሚችል ክፉ ነገር ነው። መኪናው ከተገለበጠ የተከሰተው «አክሲደንት» ነው። ጎርፍ መንደሩን ጠርጎ ከወሰደ «ዲዛስተር» ነው። አምቡላንስ የሚያስጠራው አጣዳፊ ሁኔታ ደግሞ «ኢመርጀንሲ» ይባላል። አማርኛችን ይህን ሁሉ በ«አደጋ» ይሸፍነዋል፤ የመኪና፣ የተፈጥሮ፣ ድንገተኛ እያልን ቅጽል ስለምንጨምርበት እርስ በርስ አንደናገርም። ቅጽሉን ትቶ «አደጋ»ን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር ሰው ግን አንባቢውን ገደል ይሰደዋል።

አንድ ጎበዝ ተርጓሚ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» የሚለውን የሕንፃ ምልክት «ዴንጀር ኤግዚት» ብሎ አመጣልኝ። እሳት ቢነሳ እንግሊዝኛ አንባቢው ከዚያ በር ይሸሻል፤ ምልክቱ የሚለው «ይህ መውጫ አደገኛ ነው» ነውና። ትክክለኛው «ኢመርጀንሲ ኤግዚት» ነው። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ነገሩ ሆኗል ወይስ ይሆናል ተብሎ ይፈራል? ሆኖ ከሆነ ዴንጀርን ይተዉት።

«አይ አም ዴንጀረስ» ማለት «አደጋ ላይ ነኝ» ማለት አይደለም። «ተጠንቀቁኝ» ማለት ነው። አደጋ ላይ ያለ ሰው «ኢን ዴንጀር» ይላል።

«ስጋት»ም የ«አደጋ» ታናሽ ወንድም ነው። «ስጋት አለኝ» ለማለት «አይ ሃቭ ኤ ትሬት» የሚሉ አሉ። ትሬት ከውጭ የሚመጣብን ነገር ነው፤ ዛቻም ሊሆን ይችላል፣ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሰው ወይም ሁኔታም። በልባችን ያደረው ፍርሃት ግን «ፊር» ወይም «ኮንሰርን» ነው። አንድ ነገር ለሌላው ትሬት ሲሆን የሚከተለው መስተዋድድ «ቱ» እንጂ «ፎር» አይደለም።

ትሬትን «ማከም» ከሚለው «ትሪት» ጋር አያምታቱ። በጽሑፍ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በዚያች ፊደል ምክንያት በሽተኞቻቸውን የሚያክሙ ሳይሆን የሚዝቱባቸው ሐኪሞች በሪፖርት ውስጥ አግኝቻለሁ።

አሁን ወደ «ሃዛርድ» እና «ሪስክ» እንምጣ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። ሃዛርድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ነገር ራሱ ነው፤ ሪስክ ደግሞ ጉዳቱ የመድረሱ ዕድል ከክብደቱ ጋር ተዳምሮ ነው። በሚገባ ታሽጎ የተቀመጠ ኃይለኛ አሲድ ሃዛርድነቱን አይለቅም፤ ማንም ካልነካው ግን ሪስኩ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን ትምባሆ ባለበት አንደኛ ምድብ ሲያስገባው፣ በርካታ ሰዎች «ቋሊማ እንደ ሲጋራ ይገድላል» ብለው ተረዱት። ምድቡ የሚናገረው ስለ ሃዛርድ ነው፤ ነገሩ ካንሰር እንደሚያመጣ ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው? ምን ያህል ሰው ይታመማል የሚለው የሪስክ ጥያቄ ነው፤ በዚያ በኩል ሥጋውና ትምባሆው በጣም ይራራቃሉ። «ሪስክ» እና «ሃዛርድ»ን እያፈራረቀ የጻፈ ሰው ይህን ስህተት በገዛ እጁ ይጋብዛል።

ማፈራረቅ ካልኩ ዘንድ፣ ቃል ላለመድገም ሲሉ በማሽን መመሪያ ውስጥ «ዴንጀር»፣ «ዋርኒንግ» እና «ኮሽን»ን እየቀያየሩ የሚጽፉ ሰዎች ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። ልብ ወለድ አይደለም እኮ! በአሜሪካ የደኅንነት ምልክቶች ደረጃ ሦስቱ እርከን አላቸው። ዴንጀር ካልራቁ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ያስከትላል ማለት ነው። ዋርኒንግ ሊያስከትል ይችላል፤ ኮሽን ደግሞ ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳትን ይመለከታል። ቀለማቸውም በቅደም ተከተል ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ነው። ይህን መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመልሱም ሦስቱንም «ማስጠንቀቂያ» ብለው አይጨርሱት።

«ኢንፍላመብል» ማለት «የማይቀጣጠል» አይደለም፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። የፊተኛው «ኢን» አፍራሽ አይደለም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትም ስለሚሳሳቱበት ዛሬ በነዳጅ መኪና ላይ የሚጻፈው «ፍላመብል» ነው። እርስዎም ይህንኑ ይጠቀሙ።

ስለ ዱር እንስሳት የሚጽፉ ከሆነ፣ «ትሬትንድ» (ስጋት ላይ ያለ) የትኛው መዝገብ ላይ እንዳለ ይመልከቱ። የዝርያዎችን የመጥፋት አደጋ በሚመዝነው ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ ሦስት የአደጋ ደረጃዎችን የሚያቅፍ የወል ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን ከ«ኢንዴንጀርድ» (ለመጥፋት የተቃረበ) በታች ያለ አንድ ደረጃ ነው።

«ፔሪል» (ከባድ አደጋ) እና «ሜናስ» (ስጋት) ለሪፖርት አይሆኑም፤ ጽሑፉን የድሮ ያስመስሉታል። ኢንሹራንስ ላይ ከሆኑ ግን ፔሪል አይቀርልዎትም፤ እዚያ እሳት፣ ስርቆት፣ ጎርፍ፣ በአጠቃላይ ኪሳራ የሚያመጣው መንስኤ መጠሪያ ነው። ሃዛርድም እዚያ ትርጉሙን ይቀይራል፤ ፔሪሉ የሚደርስበትን ዕድል የሚያሰፋ ሁኔታ ይሆናል።