ሕፃን በገዛ እጁ ሲበላ፦ እኛ ወላጆች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ልጄ 6 ወር እንደሞላው ማንኪያውን ትቼ ምግቡን ፊቱ አስቀመጥኩለት። በደንብ የበሰለ ስኳር ድንች ነው፣ በጣት ርዝመት የተቆረጠ። አንዱን በመዳፉ ጨበጠው። ግማሹ በጣቶቹ መሃል ሾልኮ ወጣ። የቀረውን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያላምጥ ሳይ ደስታዬን አልችለው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን በድንጋጤ ስህተት ሠራሁ። እሱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ልጅ በራሱ እጅ እያነሳ እንዲበላ መፍቀድ በጣም የምወደው መንገድ ነው። የሚያስቸግረው ልጁ ሳይሆን የኛ እጅ ነው። ወይ እንቸኩላለን፣ ወይ እንፈራለን። ስህተቶቹም አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ ይመጣሉ።

ወር ቆጥሮ ብቻ መጀመር

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠቡ፣ ከዚያ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ እንዲጀምሩ ይመክራል። ግን ልጁ ራሱ የሚያሳያችሁ ምልክትም አለ። በትንሽ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል? አንገቱ ጸንቷል? ያየውን ዕቃ አንስቶ አፉ ያደርሳል? አፉ የገባውን ነገር በምላሱ ወደ ውጭ መግፋቱን ትቷል? ለሁሉም መልሱ አዎ ከሆነ ጀምሩ። መቀመጥ ገና ካቃተው የላመ ምግብ በማንኪያ እየሰጣችሁ ጠብቁት፤ ምግቡን ጨርሶ ማዘግየት ግን አያስፈልግም።

ጥርስ አላበቀለም ብላችሁ አትጠብቁ። ድዱ ለስላሳ ምግብ ለመጨፍለቅ ይበቃዋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም እድገቱ የዘገየ ልጅ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

ጋደም አድርጎ ማብላት

ወደ ኋላ ባዘነበለ ወንበር፣ በጋሪ፣ በመኪና ወንበር ላይ ምግብ አይሰጥም። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እግሩም የሚረግጠው ነገር ይኑረው። እግሩ ከተንጠለጠለ ሰውነቱን ለማመጣጠን ሲታገል ከምግቡ ይዘናጋል። እየዳኸ እየበላም አይሆንም። ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ብቻውን ትታችሁት አትሂዱ።

ወደ ላይ ሲለው ታነቀ ብሎ ጣት መክተት

ያ ሦስተኛው ቀን የካሮት ነበር። ልጄ ትንሽ ረዘም ያለ ቁራሽ ገመጠ። ወዲያው ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ምላሱን አውጥቶ ወደ ላይ አለው። ድምፁ ያስፈራል። ሳላስብ ዘልዬ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ካሮቱ ምላሱ ጫፍ አካባቢ ነበር፣ እኔ ነኝ ወደ ውስጥ የገፋሁት። ደግነቱ በሳል መልሶ አወጣው። አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

በኋላ ነው የገባኝ። በዚህ ዕድሜ ወደ ላይ የሚያስብለው የሰውነት ምላሽ ገና ከምላስ ፊት ለፊት አካባቢ ይነሳል። ልጁ እያደገ ሲሄድ ወደ ኋላ ይሸሻል። ምግቡ ጉሮሮ ሳይደርስ ሰውነቱ ራሱ መልሶ ያስወጣዋል ማለት ነው። ልጁ መከላከያው እየሠራለት ነው።

መታነቅ ሌላ ነው። ዋናው መለያ ድምፅ ነው። ወደ ላይ ያለው ልጅ ይስላል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ፊቱ ይቀላል። አየር የተዘጋበት ልጅ ግን ማልቀስም ማሳልም ያቅተዋል። ድምፁ ይጠፋል፣ ከንፈሩ እየጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊ እየተለወጠ ይሄዳል። እየሳለ ከሆነ እጃችሁን ሰብስባችሁ፣ ፊታችሁን አረጋግታችሁ ከጎኑ ሁኑ።

ድምፁ ከጠፋ ግን ሰከንድ አታባክኑ። ከ1 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲህ ይረዳል፦ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል፣ አገጩን ደግፉት። በመዳፋችሁ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ገልብጣችሁ በጀርባው አስተኙና ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብላችሁ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ጫን ጫን አድርጉ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን አፈራርቁ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ደግሞ የድንገተኛ እርዳታ ይጥራ። ራሱን ከሳተ የልብና የመተንፈሻ እርዳታ መጀመር ግድ ነው። በዚህ ዕድሜ ሆድ አይጫንም። የማይታይ ነገር በጣት መፈለግም አይገባም። ይህን ከማንበብ አልፋችሁ በአሻንጉሊት ላይ የሚያለማምድ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ውሰዱ። ልጁ የመጀመሪያውን ቁራሽ ሳይቀምስ ብትወስዱት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ቅርጹንና ጥንካሬውን ችላ ማለት

በኒውዚላንድ 206 ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አለ። ወላጆቻቸው ስለ አደገኛ ምግቦች ምክር ያገኙ፣ በራሳቸው እጅ የሚበሉ ልጆች በማንኪያ ከሚመገቡት የበለጠ አልታነቁም። ከዚያው ጥናት የገረመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። በሁለቱም ወገን ብዙ ልጆች የሚያንቅ ምግብ ሲሰጣቸው ተገኝቷል። እንግዲህ ከእጅና ከማንኪያ ይልቅ የሚያሰጋው ሳህኑ ላይ የምናስቀምጠው ነገር ነው።

ቀላል መለኪያ አለ። ምግቡን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታችሁ መሃል ጫን አድርጉት። በቀላሉ ከፈረሰ ለልጁ ይሆናል። ካልፈረሰ ወደ ድስቱ ይመለስ።

የ6 ወር ልጅ የሚይዘው በመዳፉ ስለሆነ ከጭብጡ ውጭ የሚተርፍ ቁራሽ ያስፈልገዋል፣ በአዋቂ ጣት ርዝመትና ውፍረት ገደማ። ትንንሽ ከተከተፈለት ማንሳት ያቅተዋል። ወደ 9 ወር ገደማ በሁለት ጣቶቹ መልቀም ሲጀምር ነው ቁራሹ የሚያንሰው።

ሙሉ የወይን ፍሬ፣ ሙሉ ለውዝና ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ ጥሬ ካሮት፣ ጥሬ ፖም፣ ክብ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ቋሊማ፣ ከረሜላ፤ እነዚህ ፈጽሞ አይሰጡም። ወይን በቁመቱ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ይሰጣል።

አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ ማቅረብ

ይህ ስህተት ድምፅ ስለሌለው ማንም አያስተውለውም። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ የተቀቀለ ካሮት፤ ለመያዝ ስለሚመቹ እነሱን እየደጋገምን እንሰጣለን። ነገር ግን ሕፃኑ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው የአይረን ክምችት ወደ 6 ወር ሲጠጋ እየሟጠጠ ይሄዳል። የእናት ጡት ደግሞ ብዙ አይረን የለውም። በአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ በቀን 11 ሚሊ ግራም ተቀምጧል። ለአዋቂ ወንድ የተቀመጠው 8 ነው። እስቲ አስቡት፣ ያ ትንሽ አካል ከአባቱ የበለጠ ይፈልጋል።

ስለዚህ በየማዕዱ አይረን ያለበት አንድ ነገር ይኑር። ተፈጭቶ ለስላሳ ሆኖ የበሰለና በእጅ እንዲያዝ የተድቦለቦለ ሥጋ፣ በደንብ በስሎ በቁመቱ የተቆረጠ የእንቁላል ጥብስ፣ ወፍሮ የተሠራ ምስር። ጉበትም ጥሩ ነው፣ ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በሳምንት ከአንድ ጊዜ አይለፍ። አጠገቡ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ብታደርጉ፣ ለምሳሌ ቲማቲም ወይም ብርቱካን፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘው አይረን በተሻለ ወደ ሰውነቱ ይገባል።

ከቤተሰቡ ድስት ጨው ከገባ በኋላ መጭለፍ

የልጁን ድርሻ ጨው ከመግባቱ በፊት ለዩለት። በመጀመሪያው ዓመት በቀን ከ1 ግራም በታች ነው የሚፈቀደው፣ ኩላሊቱ ገና ነው። ስኳር አያስፈልገውም። ማር ደግሞ 1 ዓመት ሳይሞላው በምንም መልኩ አይቀመስም፣ የበሰለም ቢሆን። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። የላም ወተት ምግብ ሲሠራ ቢገባ ችግር የለውም፣ እንደ ዋና መጠጥ ግን እስከ 1 ዓመት ይቆይ።

አለርጂን ፈርቶ ማዘግየት

ድሮ እንቁላልና ኦቾሎኒ ይቆይ ይባል ነበር። በእንግሊዝ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ይህን ገለበጠው። ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናት ተከታትለው፣ ኦቾሎኒ ቶሎ የጀመሩት ከተከለከሉት ይልቅ የኦቾሎኒ አለርጂያቸው በ80 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የኦቾሎኒ ቅቤን በውሃ ወይም በእርጎ አቅጥናችሁ ስጡ እንጂ በማንኪያ ወፍራሙን አትስጡ፣ ያንቃል። አዲሱን ነገር አንድ በአንድ፣ በትንሹ፣ ልጁ ጤነኛ በሆነበት ቀን በጠዋት ብታስቀምሱት ውሎውን ማየት ትችላላችሁ። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ።

ስንት ጎረሰ ብሎ መቁጠር

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛው ምግብ ወለል ላይ ነው የሚቀረው። ልብ አይሰበር። እስከ 1 ዓመት ዋናው ምግቡ ጡት ወይም ፎርሙላ ነው። ሲርበው በጣም ተበሳጭቶ ስለሚቀመጥ ትንሽ ጠብቶ፣ እንቅልፉም ሳይመጣ ብታስቀምጡት ይሻላል። ጠላው ብላችሁ አንድ ምግብ ከቤት አታባርሩ። አንዳንዱ ልጅ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ካልቀመሰ አይለምድም። የኔው ልጅ ብሮኮሊን ሳምንታት ሙሉ ሲወረውር ኖሮ አንድ ቀን ዝም ብሎ በላው።

እያዘናጋችሁ አታጉርሱ። ስልክም ቴሌቪዥንም ይጥፋ። ማንኪያን ደግሞ እንደ ጥፋት አትዩት። እርጎ ለመሳሰለው ማንኪያውን ሞልታችሁ ለራሱ ስጡት፣ አፉን ያገኘዋል። ክብደቱ በሚገባ ካልጨመረ ወይም ከ9 ወር በኋላም ምግብ አፉ የማያደርስ ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

በየጉርሻው አፉን መጥረግ

በየመሃሉ በእርጥብ ጨርቅ ፊቱን የምታሹት ልጅ ወንበሩን መጥላት ይጀምራል። ከወንበሩ ሥር አሮጌ አንሶላ አንጥፉ፣ ልብሱን አውልቁለት፣ ይቀባባ። ከፊቱ ሁለት ሦስት ቁራሽ ብቻ ይኑር፣ ሲጨርስ ይጨመርለት። ፊቱን ካዞረ፣ ምግቡን እየጣለ ከሳቀ ወይም ጀርባውን ከለጠጠ በቅቶታል። ያን ጊዜ አውርዱት፣ ፊቱን ያኔ እጠቡለት።