ከቀንድ አውጣ ዘረመል ጋር ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀንድ አውጣ ለዘረመል ጥናት ቀላል እንስሳ ይመስላል። አይሮጥ፣ አይበር፣ አይናከስ። ዝናብ ሲያባራ ወጣ ብሎ መልቀም ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለነፍሳት ወይም ለወፎች የተለመደውን አሠራር እንዳለ ወስደን እሱ ላይ ስንሞክረው ሥራው ከመነሻው ይበላሻል። ዝልግልጉ፣ ዝግታው፣ ዛጎሉ ውስጥ መሸሸጉ፣ በአንድ ገላ ወንድም ሴትም መሆኑ፣ እያንዳንዱ ጠባዩ የራሱን ስህተት ይጠራል። ዛጎል የሌላቸው ዘመዶቹም ላይ አብዛኛው ነገር ያው ነው።

በሕይወት እያለ አልኮል ውስጥ መክተት

ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀንድ አውጣው አልኮሉ ገና ሲነካው ወደ ዛጎሉ ይሰበሰባል፤ መግቢያውንም በዝልግልጉ ይደፍነዋል። አልኮሉ ውስጡ አይደርስም። ከውጭ ሲያዩት ደህና የተቀመጠ ናሙና ነው፤ ውስጡ ግን እየበሰበሰ ነው። ከወራት በኋላ ላቦራቶሪ ሲገባ የሚገኘው የተበጣጠሰ ዲኤንኤ ነው።

ይህን ማስቀረት ከባድ አይደለም። ቀንድ አውጣውን ዕቃ ውስጥ ክተቱ፤ ዕቃውን አየር እስከማይቀርበት ድረስ ውኃ ሙሉትና ክደኑት። እንስሳው ሌሊቱን ተዘርግቶ ይሞታል። ጠዋት ሳይዘገይ ከእግሩ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ ኢታኖል ውስጥ አስቀምጡ። ውኃው ውስጥ ረጅም ሰዓት ከቆየ፣ በተለይ ሙቀት ካለ፣ ሥጋው እዚያው መበስበስ ይጀምራል። የቀረውን ገላ 70 በመቶ በሆነው አልኮል ማቆየት ይቻላል፤ ሥጋው ስለማይደርቅ በኋላ ለመቅደድና ብልቱን ለማየት ይመቻል። ለዲኤንኤው ግን 70 በመቶው አይበቃም።

የኢታኖሉ መጠን ከሥጋው ብዙ እጥፍ ይሁን። የቀንድ አውጣ ገላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ያ ውኃ ወጥቶ አልኮሉን ያቀጥነዋል። ስለዚህ በማግስቱ በአዲስ ቀይሩት። ፎርማሊን ጨርሶ አይታሰብ፤ ዲኤንኤውን እርስ በርስና ከፕሮቲን ጋር አጣብቆ ያበላሸዋል። መለያ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ ወረቀቱንም ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ናሙና ደግሞ ምንም አይነግረንም።

ፒሲአር እምቢ ሲል ዲኤንኤ መጨመር

ዝልግልጉ ውስጥ ያሉት ውስብስብ ስኳሮች ከዲኤንኤው ጋር አብረው ይወጣሉ። ከዚያም ፒሲአር ላይ፣ ማለትም ዲኤንኤን በላቦራቶሪ በምናባዛበት ዘዴ ላይ፣ የማባዛቱን ሥራ የሚሠራውን ኢንዛይም ሥራ ያስፈቱታል። ጀማሪ ተመራማሪ ውጤት ሲያጣ «ዲኤንኤው አንሶ ይሆናል» ብሎ ይጨምራል። የጨመረው ግን እንቅፋቱንም ጭምር ነው። ትክክለኛው እርምጃ ተቃራኒው ነው፤ 10 ወይም 100 እጥፍ አቅጥኖ እንደገና መሞከር። ብዙ ጊዜ ይኸው ብቻ ይበቃል።

ካልበቃ ደግሞ ሲታብ የተባለውን፣ ዕፅዋት ላይ በሰፊው የሚሠራበትን የማውጫ ዘዴ መጠቀም ነው። ስኳሮቹን ከዲኤንኤው በመለየት የታወቀ ነው። ቁራጩ ትንሽ ይሁን። ትልቅ ሥጋ ማለት ብዙ ዝልግልግ ማለት ነው።

የሌላ እንስሳ ዘረመል ማንበብ

ሆድ ዕቃው ውስጥ የበላው አለ። አንጀቱ ውስጥ ትላትሎች ይኖራሉ። ቆዳው ላይ በዓይን በጭንቅ የሚለዩ ነጫጭ ቅንቅኖች (ማይት) ሲርመሰመሱ የሚታዩበትም ጊዜ አለ። ለብዙ ዓይነት እንስሳ የሚሠሩት ፕራይመሮች (ማባዛቱ ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክቱ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) የእነዚህንም ዲኤንኤ ያባዛሉ። እግሩን ቁረጡ የምንለው ለዚህም ነው። በነገራችን ላይ፣ ቀንድ አውጣ ከሚሸከማቸው ትላትሎች አንዱ፣ አንጂኦስትሮንጂለስ ካንቶኔንሲስ፣ ሰው ላይ የአንጎል ሽፋን ብግነት ያስከትላል። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ።

ሌላም አሳሳች አለ። ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋስ ክፍል የራሱ ዘረመል አለው፤ የዚህ ዘረመል ቁርጥራጭ በዘመናት ውስጥ ዋናው ዘረመል ወዳለበት ወደ ሕዋሱ ኒውክለስ ገብቶ ይቀራል። ያ ሥራ ያቆመ ቅጂ ከእውነተኛው ጋር አብሮ ይባዛል። ለመለየት የዲኤንኤውን ፊደላት ቅደም ተከተል ወደ ፕሮቲን መተርጎምና መሀል ላይ የማቆሚያ ምልክት መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ስትተረጉሙ ግን የኮምፒውተሩን መደበኛ ኮድ አትቀበሉ። አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት የማይቶኮንድሪያ ኮድ፣ ቁጥር 5ን፣ ምረጡ። ቲጂኤ የሚባለው ሦስት ፊደል በመደበኛው ኮድ «አቁም» ነው፤ በዚህኛው ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ጤነኛውን ቅደም ተከተል ብልሹ ነው ብሎ ይጥላል።

በአንድ ዘረመል ብቻ ዝርያ መቁጠር

በእኔ ዓይን ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱ ታትሞ ይወጣል፣ ሌላውም ይደግመዋል።

ሲኦአይ የተባለው የማይቶኮንድሪያ ዘረመል የዝርያ መለያ ሆኖ ያገለግላል። ርዝመቱ 658 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) የሆነው ይህ ቁራጭ በ1994 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይፋ በሆኑት የፎልመር ፕራይመሮች ይባዛል። ብዙ እንስሳት ላይ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት ከ2 ወይም ከ3 በመቶ አያልፍም። የየብስ ቀንድ አውጣዎች ላይ ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንስሳው ከተፈለፈለበት ብዙ ስለማይርቅ በየሰፈሩ ያለው ሕዝብ ለረጅም ዘመን ለየብቻው ሲለወጥ ይኖራል። የ3 በመቶውን ድንበር እዚህ ያመጣ ሰው አንዱን ዝርያ አራት አምስት ቦታ ይሸነሽነዋል።

ደግሞም ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፣ ማለትም እንቁላሉን ከጣለው ወገን። ሁለት ዝርያዎች ጥንት ተዳቅለው ከነበረ የአንዱ ማይቶኮንድሪያ ሌላው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የኒውክለስ ዘረመሎችንም ጨምሩ፣ ብልቱን ቅደዱ፣ ዛጎሉን ለኩ። ሦስቱ ሲስማሙ ነው አፍ ሞልቶ አዲስ ዝርያ ነው ማለት የሚቻለው።

ወንድማማቾችን ለቅሞ ሕዝብ ማለት

ከአንድ ግንድ ሥር የተነሱ ሃያ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ሃያ ናሙና ይዘናል ስንል የያዝነው አንድ ቤተሰብ ነው። ተራርቀው ከሚገኙ ቦታዎች ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል።

ከሸለቆው ዳርና ዳር ብቻ ለቅሞ መሀሉን መዝለልም ያው ጥፋት ነው። ልዩነቱ ከርቀቱ ጋር ቀስ እያለ የሚጨምር ከሆነ፣ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ያየ ሰው ሁለት ዝርያ ያገኘ ይመስለዋል። መሀሉ ሲሞላ ድንበሩ ይጠፋል። በሌላ በኩል ርቀትን ብቻ ማመንም አያዋጣም። በጃፓኗ ሃሃጂማ ደሴት ቶርናቴሊደስ ቦኒንጊ የተባለች ሚጢጢ ቀንድ አውጣ ወፍ ውጧት በሕይወት በኩስ ትወጣለች። በ2012 በታተመው ጥናት ከተዋጡት 15 በመቶ ያህሉ ተርፈዋል፤ አንዷም ከወጣች በኋላ ወልዳለች።

አሪዮን ኢንተርሜዲየስና ደሮሴራስ ሌቬን የመሳሰሉ ዛጎል አልባዎች ደግሞ ያለ አጋር ራሳቸውን ያዳቅላሉ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። እንስሳቱ እንደ ዕድል ይዳቀላሉ ብለው የሚነሱ ቀመሮችን እነሱ ላይ መጫን የተሳሳተ መልስ ብቻ ነው የሚሰጠው።

በዓይን የታየውን ባሕርይ ሁሉ ዘረመል ነው ማለት

በ2016 ለንደን ውስጥ ዛጎሉ ወደ ግራ የሚዞር የአትክልት ቦታ ቀንድ አውጣ ተገኘ። የዝርያው ልማድ ወደ ቀኝ መዞር ነው። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄረሚ አሉትና እንደ እሱ ግራ ዞር አጋር በሕዝብ ጥሪ አፈላለጉለት። አጋርም ተገኘ፤ ልጆቹ ግን ወደ ቀኝ የዞሩ ሆኑ።

የመጀመሪያውን ትውልድ አይቶ «አይወረስም» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። ሊምኔያ ስታግናሊስ የተባለው የኩሬ ቀንድ አውጣ ላይ የልጁን ዛጎል አቅጣጫ የሚወስነው የራሱ ሳይሆን የእናቱ ዘረመል ነው። ውጤቱ አንድ ትውልድ ዘግይቶ ይታያል። ስለዚህ የጄረሚም ነገር በተከታታይ ትውልዶች ተጠንቶ በ2020 ነው መልስ ያገኘው፤ በዚህ ዝርያ ግራ መዞር አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱ ሲያድግ የሚፈጠር አጋጣሚ እንጂ ውርስ አይደለም።

ትንሽ እንስሳ ትንሽ ጂኖም አለው ብሎ በጀት መያዝ

በ2021 የታተመው ሴፔያ ኔሞራሊስ የተባለ ቀንድ አውጣ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው ዘረመሉ፣ 3.5 ቢሊዮን ቤዝ ገደማ ነው። የሰው 3 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ከቀንድ አውጣው ጂኖም ከሦስት አራተኛ በላዩ ደግሞ የሚደጋገም ስለሆነ አጫጭር ንባቦችን (ተቆራርጠው የተነበቡ የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን) መገጣጠም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለረጅም ንባብ የሚሆን ያልተቆራረጠ ዲኤንኤ ካሰባችሁ፣ ትኩስ ወይም ወዲያው በጣም የቀዘቀዘ ሥጋ ከወዲሁ አዘጋጁ።

ስሙን ከመረጃ ቋት ወስዶ ገላውን መጣል

ጂንባንክ በተባለው የዘረመል መረጃ ቋት ላይ ስማቸው የተሳሳተ ቅደም ተከተሎች አሉ። ያላደጉ አሪዮኖችን በመልክ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ያደጉትም ብልታቸው ሳይታይ ይምታታሉ። አውሮፓ ውስጥ አትክልት የሚያወድመው አሪዮን ቩልጋሪስ ለረጅም ጊዜ በሌላ ዝርያ ስም፣ አሪዮን ሉሲታኒከስ ተብሎ ተጠርቷል። ከስፔን አካባቢ የመጣ ወራሪ ነው ሲባልም ኖሯል። በ2014 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ለዚያ ታሪክ ማስረጃ አጣ፤ ክርክሩም ቀጠለ። እንዲህ ያለ ክርክር የሚፈታው ተመልሶ የሚታይ ገላ ሲኖር ነው።

ፓርቱላ የተባሉትን የደሴት ቀንድ አውጣዎች ነገር ላንሳ። በፓስፊኳ ሞሬያ ደሴት ግዙፉን የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ያጠፋል ተብሎ በ1977 ዩግላንዲና ሮዚያ የተባለ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ተለቀቀ። እሱ ግን የደሴቷን ፓርቱላዎች በላ፤ በ10 ዓመት ውስጥ ከዱር ጠፉ ማለት ይቻላል። ዛሬ ስለ ቀድሞ ሕዝባቸው ዘረመል ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከዚያ በፊት ተሰብስቦ በተቀመጠ ሥጋ ነው። ሰብስበው ያስቀመጡት ሰዎች ምን ያህል እንደሚጠቅም በወቅቱ ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

እናም ዛጎሉንና የቀረውን ገላ ሙዚየም አስገቡ። የሙዚየሙን ቁጥር፣ የተለቀመበትን ቀን፣ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከቅደም ተከተሉ ጋር መዝግቡ። ስሙን የለየው ማን እንደሆነና በምን እንደለየው፣ በዛጎል ይሁን በብልት፣ አብሮ ይጻፍ።