ስኳርና ኮሌስትሮል አብረው ሲታከሙ የሚያጋጥሙ የመድኃኒት ችግሮችን እንዴት መለየት ይቻላል?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኮሌስትሮሉም ከፍ ካለ በየቀኑ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይበረክታሉ፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ብዛት ነው። ስለዚህ ከቀጠሮዎ በፊት በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ቫይታሚንና የባህል መድኃኒት ሳይቀር፣ አንድ ቦታ ሰብስበው እያንዳንዱ ለምን እንደታዘዘ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና በእርግጥ መቼ እንደሚወስዱት ይጻፉ። የንግድ ስማቸው የተለያየ ሁለት ካርቶኖች አንድ ዓይነት መድኃኒት ሊይዙ ስለሚችሉ፣ በትንንሽ ፊደል የታተመውን የመድኃኒቱን ስም መመዝገብ ይበጃል።

በዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው እንደ አቶርቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን ያለ፣ ስታቲን የሚባል ኮሌስትሮልን የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 ዓመት ለሆነ የስኳር ሕሙማን ኮሌስትሮላቸው ከፍ ባይልም እንኳ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ለመከላከል ይመከራልና፣ ከሌለ ምክንያቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ካለ ደግሞ ሳያቋርጡ እየወሰዱት መሆን አለመሆኑን በግልጽ ይናገሩ። ኮሌስትሮል ሕመም ስለማይሰማበት፣ የምርመራው ውጤት ወረደ ሲባል «ድኛለሁ» ብለው የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህንን ነው፤ ውጤቱ የወረደው በመድኃኒቱ ነውና። ስታቲን የደም ስኳርን በጥቂቱ ሊጨምር መቻሉ እውነት ቢሆንም፣ ለልብ የሚሰጠው ጥቅም ስለሚበልጥ በዚህ ሰበብ አይቋረጥም።

ሲምቫስታቲን የሚወሰደው ማታ ነው፤ አቶርቫስታቲን ግን በማንኛውም ሰዓት ሊወሰድ ይችላል። ለሌላ ሕመም ክላሪትሮማይሲን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ስታቲን እንደሚወስዱ ሳይናገሩ አይውጡ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የስታቲኑ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል። የደም ቅባትን የሚቀንሰው ጄምፋይብሮዚልም ከስታቲን ጋር ተመሳሳይ አደጋ አለው። ምክንያቱ የማይታወቅ የጡንቻ ሕመም ወይም ድካም ከተሰማዎ፣ በተለይም ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ከስኳር መድኃኒቶች ግሊቤንክላሚድን ወስዶ ምግብ መዝለል ስኳርን አደገኛ በሆነ ደረጃ ያወርዳል፤ አደጋው በአረጋውያንና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይብሳል። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ የልብ ምቱ መፍጠኑ ላይታወቀው ስለሚችል፣ ላብ ሲያጠምቀው ወዲያው ስኳሩን ይለካ። ሜትፎርሚን ሆድ እንዳይረብሽ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ለዓመታት ሲወሰድ ግን ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ከዚህ የሚመጣው የእግር መደንዘዝ በስኳር ምክንያት ከሚመጣው የነርቭ ጉዳት ጋር ስለሚመሳሰል፣ እግርዎ መደንዘዝ ከጀመረ የቢ12 ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።