ስለ ቅዱሳን መላእክት ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን የሚነሣው ወሬ ሁሉ የቁልቢ ጉዞ ይሆናል። በዚያ ወሬ መካከል ግን ስለ መላእክት ተፈጥሮ ቤተ ክርስቲያን የማታስተምራቸው አነጋገሮች ሳይታወቁ ይገባሉ።

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስህተት ስለትን የሚመለከት ነው። ሕፃን አዝላ፣ የስለት ጥላዋን ይዛ የደንገጎን ዳገት የምትወጣ እናት «ልጄን የሰጠኝ ገብርኤል ነው» ስትል ደስታዋን እየገለጸች ነውና ማንም አይፈርድባትም፤ ነገር ግን አነጋገሩ ተደጋግሞ እምነት ሲሆን፣ መልአኩ በራሱ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ፣ ስለቱ ከዘገየም የሚቀየም ተደርጎ መታየት ይጀምራል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 መካን ለነበረችው ለማኑሄ ሚስት ልጅ እንደምትወልድ ያበሠራት መልአክ ነው፤ ማኑሄ መሥዋዕት ሊያቀርብ ባሰበ ጊዜ ግን ለእግዚአብሔር እንዲያቀርበው ያዘዘው ያው መልአክ ነበር። በዓሉ የሚታሰብበት፣ ወደ እሳት የተጣሉት የሠለስቱ ደቂቅ (የሦስቱ ወጣቶች) ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል፤ ናቡከደነፆር ወጣቶቹ ከእሳቱ ሲወጡ ባየ ጊዜ ያመሰገነው መልአኩን የላከውን አምላክ ነው። (በነገራችን ላይ የዳንኤል መጽሐፍ በዚህ ቦታ የመልአኩን ስም አይጠቅስም፤ ገብርኤል መሆኑን የተቀበልነው በትውፊት ነው።) ስለት በመልአኩ ስም፣ በአማላጅነቱ ታምኖ ይሳላል፤ ሰሚው ግን እግዚአብሔር ነው።

ከዚህ የሚወለደው ሁለተኛው ስህተት መልአኩን በየደብሩ መከፋፈል ነው። «የሰፈራችን ገብርኤል ዝም ቢለኝ የቁልቢው ፈጥኖ ደረሰልኝ» የሚል ሰው ሁለት ገብርኤል እንዳለ እየተናገረ መሆኑን ልብ አይልም። ራስ መኮንን ያሠሩት የቁልቢው ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በስሙ የተሰየመ ሌላ ደብር የሚዘክረው፣ ወደ ናዝሬት የተላከውን ያንኑ አንድ መልአክ ነው።

ይህን ለማረም ሲሉ «መልአክ በሁሉም ቦታ አለ» የሚሉም ይሳሳታሉ፤ በሁሉ መገኘት የፈጣሪ ብቻ ነውና። በዳንኤል ምዕራፍ 10 የተላከው መልአክ የፋርስ መንግሥት አለቃ 21 ቀን እንደተቋቋመው፣ ሚካኤልም ሊረዳው እንደመጣ ይናገራል፤ በሁሉ ቦታ ያለ ባሕርይ በመንገድ አይዘገይም። መላእክት ሁሉንም አያውቁም፤ ጌታ ዳግም የሚመጣባትን ያቺን ቀንና ሰዓት የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት ጌታ በማቴዎስ 24፥36 ተናግሯል።

ሥጋ እንዳላቸው ማሰብም የተለመደ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የምናያቸው ክንፎችና የወጣት ፊቶች ሠዓሊ ረቂቁን ለዓይን የሚያቀርብባቸው ምልክቶች ናቸው። ቅዱስ ሩፋኤል በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 12 ለጦቢትና ለልጁ ለጦብያ፣ ሲበላ ያዩት በራእይ እንጂ በእውነት እንዳልበላ ይገልጽላቸዋል። ረቂቅነታቸው ግን ፍጡርነታቸውን አያስቀርም፤ በሊቃውንቱ ትምህርት መላእክት በዕለተ እሑድ የተፈጠሩ ናቸው።

በሌላው ወገን፣ አምልኮ እንዳይሆን በመስጋት ለመላእክት ክብር መስጠትን ፈጽሞ የሚተዉ አሉ። በራእይ 22 መልአኩ ዮሐንስን «ለእግዚአብሔር ስገድ» ማለቱ እውነት ነው፤ ኢያሱ ግን በምዕራፍ 5 ለእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ በግንባሩ ተደፍቶ ሲሰግድ አልተከለከለም። ቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ ስግደትን ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የጸጋ (የአክብሮት) ስግደትን ለቅዱሳን መላእክት የምትለየው እንዲህ ያሉ ምንባባትን አንድ ላይ አንብባ ነው።

ሳጥናኤልን የእግዚአብሔር ተወዳዳሪ አድርጎ መናገር ረጅም መልስ አያስፈልገውም፤ በትዕቢቱ የወደቀ ፍጡር ነው፤ ፍጡር ደግሞ የፈጣሪው ተወዳዳሪ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻው በለቅሶ ቤት የሚሰማው ነው። ሕፃን ሲሞት «መልአክ ሆነች» ተብሎ እናት ትጽናናለች። ሐሳቡ ርኅራኄ ቢሆንም ሰው ሞቶ ወደ መልአክነት አይለወጥም፤ በትንሣኤ የሚነሣው ከነሥጋው ሰው ሆኖ ነው፤ በሉቃስ 20፥36ም የተባለው «እንደ መላእክት ናቸው» ነው። ለእንዲህ ያለች እናት መላእክት አልዓዛርን ወደ አብርሃም እቅፍ እንደወሰዱት ልጅሽንም ወስደዋታል ቢባል፣ ከወንጌሉ ጋርም ይስማማል፤ ልጇም የእርሷው ልጅ ሆና ትቀራለች።