የዓይን ሞራ ሌንስ ስትመርጡ እነዚህን እንዳትሳሳቱ

እናቴ የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ተሠርታ ፋሻው የተነሳላት ቀን ከመስኮቱ ማዶ ያለውን የጎረቤት ጣሪያ አይታ ምስማሩን ቆጠረችልን። እልል አልን። ቤት ገብታ ዳዊቷን ስትገልጥ ግን ፊደሉ ጠፋባት።

እናቴ ከድሮም ሩቅ አይታያትም፣ ቅርቡን ግን ያለ መነጽር ነበር የምታነበው። ሞራው ወጥቶ በምትኩ ዓይኗ ውስጥ የገባላት ሌንስ ደግሞ ለሩቅ የተለካ ነው። ሐኪሙ አልጠየቀም፣ እኛም አልተናገርንም። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሞኖፎካል የሚባለው ተራው ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው አንድ ርቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ የሚውል ልብስ ሰፊና መሪ የሚይዝ ሹፌር አንድ ዓይነት ልክ አይበጃቸውም። ዓይናችሁ ምን ላይ እንደሚውል ከኦፕራሲዮኑ በፊት ንገሩ።

ሁለተኛው፣ ውድ ሁሉ ይሻላል ማለት። ውጭ ያለ ዘመድ ይደውልና «ብር እልካለሁ፣ ምርጡን አስገቡላት» ይላል። ከልቡ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን መልቲፎካል የሚባለው ውዱ ሌንስ ብርሃኑን ለሩቅና ለቅርብ ስለሚከፋፍለው ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ሊያሳይ ይችላል። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ላለበት ወይም ስኳር የዓይኑን ውስጥ ለጎዳው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመከርም። መጀመሪያ ዓይኑ ይመርመር፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የሌንሱ ቁጥር የሚሰላበትን ልኬትም አትናቁ። የዓይን ርዝመት ሲለካ 1 ሚሊ ሜትር ስህተት ከገባ የመነጽር ቁጥሩ ወደ 3 ሊጠጋ በሚችል መጠን ይዛባል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ለስንት ቀን ማውለቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ድሮ መነጽር ለመተው ብላችሁ ሌዘር ተሠርታችሁ ከሆነ እሱንም አትደብቁ፣ ስሌቱ ይለወጣል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊተኛው ገጽ ጉብጠት እኩል አለመሆን) ካላችሁ ይህን የሚያስተካክል ቶሪክ የሚባል ሌንስ አለ፤ እንደሚያስፈልጋችሁ አጣሩ።

«ሞራው ይብሰል» ብሎ መቆየትም ጉዳት አለው። በጣም ሲጠጥር በብርሃን የሚለካው መሣሪያ አሳልፎ ማየት ያቅተዋል፣ ኦፕራሲዮኑም ይከብዳል።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታው ቢደበዝዝ «ሌንሱ ተበላሸ» ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ስለሚደፈርስ ነው፤ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

እናቴ ለሁለተኛው ዓይኗ ልትለካ ስትሄድ ዳዊቷን ይዛ ሄደች። ሐኪሙ ፊት ገለጠችና እንደ ልማዷ ያዘችው። «በዚህ ርቀት ነው የማነበው ልጄ» አለችው።