የገናው እርሾ ለጥምቀት እንዲደርስ

የገና ጠላችሁ ካማረ እርሾውን ከአተላው ጋር አትድፉት። ለጥምቀት የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ያው እርሾ ለሁለተኛው ጋን ይበቃችኋል። እኔ እዚሁ ጎንደር ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ጠላ የተማርኩት ግን ከእናቴ ነው። ሁለቱ ትምህርቶች የተገናኙልኝ አንድ ጋን ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ያኔ እርሾ የማስቀረው ጋኑ ሲያልቅ ከሥሩ ዝቃጩን ወስጄ ነበር። አራተኛው ጥንስስ ላይ ጠላው ሁለት ቀን ፈላና ዝም አለ። ቶሎ ጠራ፣ ጣፋጭነቱ ግን አለቀቀውም። ጎረቤቴ እትዬ ቀምሰው «አንቺ፣ ይሄማ ብርዝ ነው» አሉኝ።

እርሾ የሚራባው በማቆጥቆጥ ነው፤ ልጅ የእናቷ ግልባጭ ናት። ግን በ16 ክሮሞሶሞች ላይ 12 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል ሲገለበጥ ግድፈት አይጠፋም። ፍሎ የሚባሉት ጂኖች ደግሞ ሴሎቹ ተጣብቀው እንዲዘቅጡ ያደርጋሉ፤ አንዷ ፈጥና ትዘቅጣለች፣ ሌላዋ ትቆያለች። እኔ ሁልጊዜ ከሥር ስወስድ፣ ስኳሩን ሳይጨርሱ የሚተኙትን ሰነፎች ነው ለዘር የመረጥኩት። ገበሬ ቢሆን በእንዲህ ያለ ምርጫ ይስቅብኝ ነበር።

አሁን ጋኑ በደንብ በሚፈላበት ቀን፣ በፈላ ውሃ የተነከረ ጭልፋ ከአረፋው ዝቅ አድርጌ ከጋኑ ወገብ እቀዳለሁ። በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ፣ ፈልቶ የበረደ ውሃ ወዳለበት የማርማላታ ጠርሙስ እጨምርና እንጠዋለሁ። ሩብ ሰዓት ሲቆይ ጌሾውና ዱቄቱ ይቀመጣል፤ ከላይ የደፈረሰውን ወደ ሌላ ጠርሙስ ገልብጬ ፍሪጅ አስገባለሁ። ሲነጋ ከሥር እንደ እርጎ የነጣ ነገር ታያላችሁ። እሱ ነው። ክዳኑን አታጥብቁ፤ የኔ አንዴ ፈንድቶ ፍሪጁ ሰንብቶም ጌሾ ጌሾ ሸተተ።

ንጹሕ ዘር ነው እያልኩ አይደለም። ከአንድ ሴል ብቻ ማራባትን ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን በ1883 እ.ኤ.አ. በካርልስበርግ ቢራ ጠማቂ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቶታል፤ በኔ ጠርሙስ ግን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎችም አሉ። ይኑሩ፤ ያለ እነሱ ጠላ ምኑ ጠላ ነው?

ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር «3ኛ» ወይም «4ኛ» ብላችሁ ስንተኛ ዙር እንደሆነ ጻፉበት። ዙሩ ሲበዛ የማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ዲኤንኤያቸው የተበላሸባቸው፣ በደካማው የሚያፈሉ ሴሎች ይበረክታሉ። ቢራ ፋብሪካዎች እስከ አሥር ዙር ይሄዳሉ፤ እኔ ስድስተኛው ላይ ጥዬ እንደገና ከጌሾና ከብቅል እጠነስሳለሁ።

እርሾ ቢያልቅባችሁ ከሱቅ የዳቦ እርሾ አትሞክሩ። ፓድ1 እና ኤፍዲሲ1 የሚባሉ ሁለት ጂኖች አብዛኛውን ጊዜ እሱ ላይ በሕይወት አሉ፤ ከእህሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ሽታ ያወጣሉ። አብዛኞቹ የቢራ እርሾዎች ላይ ጠማቂዎች በዘመናት ምርጫ አጥፍተዋቸዋል። የጠርሙስ ቢራ አተላም አትፈልጉ፤ ተጣርቶ በሙቀት ስለሚታከም የሚነሳ ሕይወት የለውም።

በመጠንሰሻው ቀን ጠዋት ሁለት ሾርባ ማንኪያ እርሾ ለብ ባለ የብቅል ውሃ በጥብጡ። እስከ ማታ አረፋ ካወጣ ወደ ጋኑ ጨምሩት፤ ኮምጣጤ ከሸተተ ወይም ሮዝ ቀለም ካሳየ ድፉት።